ሌሊት ነቅቶ የሚያድር ሰው ይፈለጋል

ባሕር ዳር ላይ ኃይለኛ ዝናብ የሚወደው ሌሊቱን ነው። ቀን ላይ ፀሐይ በጣና ዙሪያ ያለውን መሬት ስታግለው ሞቃቱ አየር በተራሮቹ በኩል ሽቅብ ይወጣል፤ በጎጃምና በጎንደር ደጋዎች ከሰዓት በኋላ ደመና የሚከመረው ለዚህ ነው። ሲመሽ ነገሩ ይገለበጣል። መሬቱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውኃው ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያመሻል። ከየአቅጣጫው ቀዝቃዛ አየር ወደ ሐይቁ ይወርድና መካከል ላይ ተጋጥሞ ወደ ላይ ይነሣል። ዝናቡ በየትኛው ሰዓት እንደሚጥል ያጠኑ ሰዎች ያገኙትም ይህንኑ ነው፦ በዙሪያው ተራሮች ከሰዓት በኋላ፣ በሐይቁና በደቡብ ዳርቻው ሌሊት። እኛ ደግሞ ደቡብ ዳርቻው ላይ ነን። ነፋሱ የሚነሣው ከተማው ተኝቶ፣ ዓሣ አጥማጁ ግን ማታ የጣለውን መረብ ሊያነሣ ገና ሳይነጋ በሚወጣበት ሰዓት ነው።

ሐይቁም የዋህ አይደለም። ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጥልቀቱ ግን እጅግ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ሰፊ ሆኖ ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭር፣ ቀጥ ያለና ተከታታይ ይሆናል፤ አንዱን ተሻግረህ ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። ለደንገል ታንኳ ቀርቶ ለሞተር ጀልባም አይመችም። ጀልበኞቻችን እንግዳን «ጠዋት እንውጣ» የሚሉት ለጉዞው ውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ያነሣሁት ስለ ሬዲዮ ለመጻፍ ነው።

እንጀራዬ የድምፅ ማጉያና የቴሌቪዥን ጥገና ነው፤ ሬዲዮ ማዳመጥ ደግሞ ሱሴ። ከቤቴ ጣሪያ እስከ ግቢያችን ማንጎ ዛፍ ድረስ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ዘርግቻለሁ። (ጎረቤቴ ነጠላዋን አስጥታበት ታውቃለች፤ መስማቱን ግን አላቆመም።) ማስተላለፍ ፈቃድ ይጠይቃል፣ እኔም ፈቃድ የለኝም፤ ስለዚህ የማደርገው መስማት ብቻ ነው። በእኛ ክረምት መውጫ ላይ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ሄሪኬን የሚባለው ኃይለኛ ማዕበል ሲነሣ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ 14.325 ሜጋኸርዝ ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። እዚያ ሞገድ ላይ የሚሰበሰቡት «ሄሪኬን ዋች ኔት» የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ቤትሲ የተባለችው ሄሪኬን በተነሣች ጊዜ የተመሠረተ መረብ ነው። አብዛኛውን ምሽት ከሹሹታ በቀር ምንም አይሰማም። አንዳንድ ቀን ግን ድምፁ ብቅ ይላል፣ ይጠራል፣ ይሰጥማል፣ እንደገና ይመለሳል።

የመረቡ መሪ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። «በማዕበሉ ቀጣና ውስጥ ያለ ጣቢያ አለ?» ይላል። ከዚያ ዝም። ይህ ዝምታ ሆን ተብሎ የሚጠበቅ ነው፦ አንቴናው የወደቀበት፣ ባትሪው ሊያልቅበት የተቃረበ ሰው ደካማ ድምፅ እንዲሰማ፣ በሺህ ኪሎ ሜትሮች ርቀት ያለው ሁሉ አፉን ይይዛል። ከአንዲት ደሴት አንድ ሰው ይመልሳል። የጥሪ ምልክቱን፣ ያለበትን ቦታ፣ የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ፣ የአየር ግፊቱን ይናገራል። መሪው ቁጥሮቹን ይደግማል፤ «ትክክል ነው» ይባላል፤ አለቀ። ቁጥሮቹ ማያሚ ወደሚገኘው ብሔራዊ የሄሪኬን ማዕከል ይሄዳሉ፤ በማዕከሉ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እነዚሁ በጎ ፈቃደኞች የሚሠሩበት የሬዲዮ ጣቢያ አለ። ተንባዮቹ ሳተላይት አላቸው፣ ማዕበሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ አውሮፕላን አላቸው፤ እንዲህም ሆኖ ጣሪያው እየተንቀጠቀጠበት ቁጥር የሚያነብብላቸውን ሰው ይፈልጋሉ።

አማተር ሬዲዮ ማለት ይኸው ነው። ፈተና አልፎ፣ ፈቃድና የጥሪ ምልክት ተቀብሎ፣ በራሱ ገንዘብ በገዛው ወይም በእጁ በሠራው መሣሪያ የሚነጋገር፣ በዚህም ክፍያ መቀበል የማይፈቀድለት ሰው። በአሜሪካ ፈቃድ ያላቸው ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ «ስካይዋርን» በሚባለው የታዛቢዎች መርሐ ግብር ውስጥ ያገለግላሉ። የዚህ ሥራ ሥሩ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ይወርዳል፦ በጥይትና በፈንጂ ፋብሪካዎች ዙሪያ መብረቅና አውሎ ነፋስ ሲመጣ አይተው የሚናገሩ ሰዎች ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በእነሱ የሆሳዕና እሑድ፣ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች ቶርኔዶ የሚባሉ በርካታ ጠመዝማዛ አውሎ ነፋሶች በአንድ ቀን ተነሥተው ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ የማስጠንቀቂያው አሠራር ተፈተሸ፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማም ስካይዋርን ተደራጀ። ታዛቢ ለመሆን የሚሰጠው ትምህርት ሁለት ሰዓት ያህል ብቻ የሚፈጅ ነው። ሁለት ሰዓት! እኛ ዘንድ ለስብሰባ መክፈቻ ንግግር የሚበቃ ጊዜ ነው።

በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ከሚማሩት ዋናው ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ስለ ደመና አይደለም። አነጋገር ነው። ያየኸውን ተናገር፣ የገመትከውን ለይ፤ የት እንዳየኸው፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት እንደሚሄድ ተናገር፤ ከዚያ ዝም በል። አሁን ይህን ወደ እኛ አምጡት። አንድ ሰው ከሐይቁ ዳር ማታ ሲደውል እንዲህ ነው፦ «ሄሎ፣ እንዴት አመሸህ? ደህና ነህ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ኧረ ዝናቡ! ጉድ ነው የመጣው!» የት? «እዚሁ እኛ ጋ!» ከየት ወዴት ይሄዳል? «ኧረ ተወኝ፣ እንዲህ ያለ አይቼም አላውቅ!» ሰላምታችንን አልነቅፍም፤ ሰላምታ ሳይሰጥ ጉዳይ የሚጀምር ሰው እኔንም ያስከፋኛል። ነገር ግን ነፋሱ ከዘጌ ተነሥቶ ባሕር ዳር እስኪደርስ ያለው ጊዜ የልጆችን ደህንነት ጠይቆ የሚተርፍ አይደለም።

በረዶውንም እንዲሁ ነው። «የሚያስፈራ በረዶ» ለማንም አይጠቅምም። አሜሪካኖቹ የበረዶውን ስፋት በአተር፣ በሳንቲም፣ በጎልፍ ኳስ እያነጻጸሩ ነው የሚናገሩት፤ 25 ሚሊ ሜትር ያህል ከሞላ፣ ወይም ነፋሱ በሰዓት 93 ኪሎ ሜትር ከደረሰ፣ ነጎድጓዳማው ዝናብ ከባድ ተብሎ ማስጠንቀቂያ ይወጣለታል። እኛ የጎልፍ ኳስ ምን ያደርግልናል? ሽምብራ አለን፣ ባቄላ አለን፣ የአንድ ብር ሳንቲም አለን፣ ከዚያ በላይ ከመጣ ሎሚ አለ። ዝናቡን ለመለካትም አፉና ቂጡ እኩል የሆነ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ራቅ ብሎ የሚቀመጥበት ቦታ፣ የተማሪ ማስመሪያም ይበቃል። ቆርቆሮው ውስጥ የተጠራቀመው አንድ ሚሊ ሜትር ውኃ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ታነብባለህ፣ ትጽፋለህ፣ ትደፋለህ። እኔ ከአጥሬ ሥር አንዱን በድንጋይ ደግፌ አስቀምጫለሁ፤ ትልቁ ችግሬ ዝናቡ ሳይሆን ከቆርቆሮው የሚጠጣው የሰፈሩ ውሻ ነው።

«ራዳር እያለ የቆርቆሮ ነገር ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አለ። ራዳር የሚያየው ከፍ ያለውን ነው። ጨረሩን ከአድማስ ግማሽ ዲግሪ ብቻ ከፍ አድርጎ ቢልከው እንኳን፣ መሬት ክብ ስለሆነች 100 ኪሎ ሜትር ርቆ ሲደርስ ከራዳሩ ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ያልፋል። ከዚያ በታች ያለው፣ ማለትም ሰውና ታንኳ ያሉበት፣ ለራዳሩ ጨለማ ነው። ደመናው ውስጥ ብዙ ውኃ እንዳለ ይነግርሃል፤ መሬት ላይ የወደቀው ሽምብራ ይሁን ሎሚ፣ የወደቀው ዛፍ መንገድ ይዝጋ አይዝጋ ግን የሚያውቀው ቆሞ ያየው ሰው ነው።

ትንበያውም ቢሆን እንዲሁ ነው። አንድ የጀልባ ነጂ ጠይቄ ነበር።

«ጋሼ፣ የአየር ትንበያ ይሰማሉ?»

«እሰማለሁ እንጂ ልጄ። በአብዛኛው ቦታ ዝናብ ይኖራል ይላል። እኔ ግን አብዛኛው ቦታ አይደለም የምሄደው። ደቅ ደሴት ነው የምሄደው።»

ከዚህ የተሻለ ትችት ከሊቃውንትም አልሰማሁም። ትንበያው አልዋሸም፤ ለአገር ሁሉ የተሰፋ ልብስ ስለሆነ ለአንድ ሰው ልክ አይሆንም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ እ.ኤ.አ. መጋቢት 2022 ላይ በአምስት ዓመት ውስጥ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ቅድመ ማስጠንቀቂያ እንዲደርሰው ግብ ሲያስቀምጡ፣ ሐሳቡ ትልቅ ነው። ግን «ሰው ሁሉ» የሚለው ውስጥ ደቅ የሚሄዱት ጋሼም አሉ፤ እሳቸው የሚፈልጉት ደግሞ ከደቅ በኩል አሁን ምን እየታየ እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ነው።

ለዚህ ጉዳይ ከሐይቁ ይልቅ የሚያሳስበኝ ምሥራቁ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ሁለቱም የሚነሡት ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ነው፤ ሁለቱም የሚወርዱት የፎገራ ሜዳ ላይ ነው። ጉና ላይ ሲዘንብ ፎገራ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊያድር ይችላል። የሩዝ ማሳው ባለቤት ደረቅ ሌሊት መስሎት ይተኛል፤ ውኃው ግን መንገድ ጀምሯል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራን፣ ሊቦ ከምከምንና ደንቢያን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ስንት ቤት እንዳፈረሰ፣ ስንት ከብት እንደወሰደ የአካባቢው ሰው አልረሳውም። ውኃ ከጉና እስከ ሜዳው ሲወርድ ሰዓታት ይፈጅበታል፤ ድምፅ ግን ወዲያውኑ ይደርሳል። ደብረ ታቦር በኩል አንድ የነቃ ሰው፣ ወረታ በኩል አንድ የሚያነሣ ሰው። በቃ፣ ሌላው ዝርዝር ነው።

ዝርዝሩ ግን ቀላል አይደለም፤ መጀመሪያ የመገናኛው ነገር ይመጣል። «ስልክ አለ» ይባላል፤ እውነት ነው። አሜሪካም ውስጥ ቢሆን ዛሬ ብዙው ታዛቢ በስልክና በኢንተርኔት ነው የሚያሳውቀው። ነገር ግን ስልክ አንድ ሰው ለአንድ ሰው የሚናገርበት ነው። አምስት ጀልባ ውኃ ላይ ካለ አምስት ጊዜ መደወል አለብህ፤ አንዱ አያነሣም፣ አንዱ «ጥሪ አይቀበልም»፣ ሦስተኛው ጋ ኔትወርክ የለም። ሬዲዮ ላይ አንዱ ይናገራል፣ ሁሉም ይሰማል፤ የሰማውም «ሰማሁ» ይላል። የስልክ ማማው መብራት ሲጠፋበት ደግሞ ሬዲዮው በመኪና ባትሪ መሥራቱን ይቀጥላል።

ሆኖም ሬዲዮም ተአምር አይሠራም። በ144 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሚሠራው የእጅ ሬዲዮ የሚጓዘው ዓይን እስከሚያይበት ትንሽ አልፎ ነው። አንቴናው ከተማ ውስጥ 30 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሰቀል፣ ጀልባ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ሬዲዮውን ከውኃው በላይ 2 ሜትር ላይ ቢይዘው፣ የሚደማመጡት እስከ 28 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደቅ ደግሞ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ስለዚህ ለጥቂት አትገኝም። ኮረብታ ላይ ድምፁን ተቀብሎ የሚያሳልፍ ሪፒተር ካልተተከለ አይሆንም። የቤዛዊት ኮረብታ ላይ ቆሜ ሐይቁን ሳይ ሌላው ሰው ፎቶ ያነሣል፣ እኔ አንቴና ነው የሚታየኝ። ወይም ደግሞ ከዚህ ረዘም ያለ ሞገድ መጠቀም ይቻላል፦ 7 ሜጋኸርዝ ላይ፣ ሃያ ሜትር ያህል ሽቦ መሬት አቅራቢያ ዝቅ አድርገህ ብትዘረጋ ድምፁ ሽቅብ ወጥቶ ከላይኛው አየር ተንጸባርቆ ተመልሶ ይወርዳል፤ ተራራ አይከልለውም። ለጉና መንገዱ ይህ ነው። ሲመሽ ወደ 3.5 ሜጋኸርዝ ዝቅ ማለት ሊያስፈልግ ይችላል።

ይህ ሁሉ በፈቃድ ብቻ የሚሆን ነው፤ ፈቃዱንም በአቋራጭ የሚፈልግ ሰው ራሱንም ሐሳቡንም ያጠፋል። በዚህ ጊዜ የእጅ ሬዲዮ ይዞ መገኘት ምን ጥያቄ እንደሚያስነሣ የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አማተር ሬዲዮ ለአገራችን ባዕድ ግን አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አምስት ኪሎ ግቢ ውስጥ «ኢ ቲ 3 ኤ ኤ» በሚል የጥሪ ምልክት የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ አለ፤ ከዓለም ዙሪያ የሚጠሩት ብዙ ናቸው። አምስት ኪሎ የሆነው ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ መሐንዲስና ቴክኒሻን ስታፈራ በኖረችው በባሕር ዳሯ ፖሊ (ፖሊቴክኒክ) ግቢ የማይሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ሌላው ነገር መብረቅ ነው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ስለ ማዕበል የሚያስጠነቅቀው ሰው በሰፈሩ ረጅሙ ብረት ሥር ተቀምጧል። ነጎድጓዱ ሲቀርብ አንቴናው ከመሣሪያው ይነቀላል፣ ከቤት ውጭ ወዳለው የመሬት ገመድ ይታሰራል፣ ሰውየውም ከመሣሪያው ይርቃል። የእኔን የማንጎ ሽቦ ክረምት ላይ ማታ ማታ የምነቅለው ለዚህ ነው። አሜሪካኖቹ ታዛቢዎቻቸውን ከሁሉ በፊት የሚያስተምሯቸውም ራስን መጠበቅ ነው፦ ዜና ለማምጣት ብሎ ደጅ ወጥቶ የሚመታ ታዛቢ፣ ታዛቢ ሳይሆን ተጎጂ ነው።

አሁን ወደ ሌሊቱ ልመለስ። ሽቦም ሪፒተርም ከመጠየቄ በፊት ያስቸገረኝ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማን ነቅቶ ያያል? እኔ አላይም፤ እንቅልፌ ከባድ ነው። ቢሮ ያለውም ሰው አያይም። ከዚያ በኋላ ከተማውን በዚህ ዓይን ማየት ጀመርኩ፤ ለካ ባሕር ዳር ሌሊት የነቃ ሰው ሞልቷታል። ሐይቁን ተከትሎ በተደረደሩት ሆቴሎች በር ሁሉ አንድ ጋቢ የለበሰ ጥበቃ አለ። የዳቦ ጋጋሪው አለ። ደሴቶቹ ላይ ደግሞ፣ ክብራን ገብርኤል፣ ዳጋ እስጢፋኖስ፣ ጣና ቂርቆስ፣ መነኮሳቱ ለሌሊቱ ጸሎት የሚነሡት ዓለም ሁሉ በተኛበት ሰዓት ነው። ሐይቁን በመካከሉ ሆኖ፣ ሌሊት፣ ዓመት ሙሉ የሚያይ ከእነሱ በቀር ማን አለ? የአየር ሁኔታ ተመልካች አሠልጥነህ ደሴት ላይ አስቀምጥ ብትባል በጀቱ ራሱ ያስደነግጥሃል፤ ሰዎቹ ግን ተቀምጠዋል፣ ከብዙ መቶ ዓመታት ልማድ ጋር።

ከሐይቁ ዳር ካሉት ጥበቃዎች አንዱን ቀርቤ አነጋገርኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ወታደር ነበሩ፣ ስለዚህ አጭር መልእክት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃሉ። አራት ነገር ብቻ ነው ያልኳቸው፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ያዩት፣ የሚሄድበት አቅጣጫ። ሰላምታው ይቅር አልኳቸው፣ እየከበደኝ። አንድ የግንቦት ሌሊት ስልኬ ላይ የጽሑፍ መልእክት ገብቶ አደረ፦

«9 ከሩብ። ሆቴሉ በር። በረዶ የሽምብራ። ነፋስ ከሐይቁ ወደ ከተማ። የቆመ ጀልባ ገመዱን በጥሷል።»

የሄሪኬን መረቡ መሪ ቢያነብበው የሚጨምርበት ነገር አያገኝም። ያነበብኩት ግን ጠዋት ነው፤ የጀልባውን ባለቤት ሊቀሰቅስ የሚገባው ሰው እኔ አልነበርኩምና። ታዛቢ ማግኘት የሥራው ግማሽ ነው፤ መልእክቱን ሌሊት ተቀብሎ ለሚመለከተው ሁሉ የሚያሰማው መሪ ሌላው ግማሽ ነው። እሱም በተራ የሚነቃ፣ ስም ዝርዝሩን የያዘ፣ የሚቀበለውን ከሚያወራው የሚያስበልጥ ሰው መሆን አለበት። ሁለት ሦስት የጀልባ ባለቤቶች በየተራ ለማደር ፈቃደኛ ነን ብለዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ተራው ተጽፎ ማለቅ አለበት።

ሽማግሌው ጥበቃ ግን አንድ ጥያቄ አላቸው፦ «ልጄ፣ ካርዱን ማን ይሞላል?» አማተር ሬዲዮ ክፍያ አይቀበልም የሚለውን ሕግ ስነግራቸው ሳቁብኝ። እውነታቸውን ነው። በገዛ ገንዘቡ ሬዲዮ የሚገዛ ፈረንጅና በወር ደመወዙ ልጅ የሚያስተምር ጥበቃ አንድ ዓይነት በጎ ፈቃደኛ አይደሉም። ለሌሊቱ ንቃት ክፍያ አልጠየቁም፤ የጠየቁት ለሰው ጀልባ ብለው የሚልኩት መልእክት ከኪሳቸው እንዳይወጣ ነው። የእኔ ሐሳብ ካርዱን ጀልባው የታሰረለት ሰው ይሙላ የሚል ነው። አንድ የጀልባ ባለቤት በዚህ ተስማምቷል፤ ሌላው «ሆቴሉ ይክፈል» ይላል፤ የሆቴሉን ሥራ አስኪያጅ ደግሞ ሰኞ ላናግረው ነው።